ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቁልፍ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ አብደላ፤ ደሴ።

አሰላሙ ዓለይኩም አባዬ፤ እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነልዎት? የጥር ብርድ በረታ ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት እሱኑ ነው። የላክሁልዎት የጉልበት ማሞቂያ ጠቀመዎት ወይስ እንደ ልማድዎ «ለክፉ ቀን» ብለው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት? እማዬስ እንዴት ናት? ዐይኗን ለሐኪም አሳየች ወይስ ዛሬም «ነገ» እያለች ነው? ወንድሜ ሀቢብ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ አልሐምዱ ሊላህ ደኅና ነኝ። ጤናዬ አለ፣ ሥራዬ አለ፣ ቤቴም አያፈስም። የጎደለኝ ነገር ቢኖር ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ማዶ የእርስዎን ሳል አለመስማቴ ነው፤ ሳል ይናፍቃል ብዬ መቼ አስቤ አውቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስልኩ ስላቃተን ነው። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተደዋወልን፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጤፉና ስለ ጎረቤቱ አውርተን ዘጋን። እርስዎ ያዩትን ለመናገር አፈሩ፣ እኔም ላመሰግንዎት ስል ምላሴ ተሳሰረ። በመጨረሻ እህትዎ ሳፊያ ናት «አፍሽ እምቢ ካለሽ እጅሽን እዘዢው» ብላ ወረቀትና እስክሪብቶ ፊቴ ያስቀመጠችልኝ። ልጇ ኢልያስ በሞያሌ በኩል ወደ አገር ቤት ስለሚገባ በእሱ እጅ ይደርስዎታል። ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎት፤ ግማሹን በዐይንዎ አይተውታል፣ ግማሹን ግን አያውቁትም።

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «ካሜራ ነው» እያልኩ አልፌዎታለሁ። ካሜራው ግን ብቻውን የትም አያደርስም። አጠገቡ አንዲት ጥቁር ሣጥን አለች፤ ከጡብ አትበልጥም፤ ኢንኮደር ይሏታል። ካሜራው ያየውን ተቀብላ በኢንተርኔት ወደታዘዘችው ቦታ ትልካለች። ለአንድ ሰው ስልክ ብቻ ላኪ ካሏት ለዚያ ሰው ብቻ፤ ለዓለም ላኪ ካሏት ደግሞ ለዓለም። እሷ ምን ቸገራት።

መሥሪያ ቤታችን እዚህ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ነው። አምስት እንዲህ ያሉ ሣጥኖች አሉን፤ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ተለጥፎባቸዋል። አብሮኝ የሚሠራው ፋኑኤል የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ቀልደኛ ነው፣ ሥራም ያውቃል። ቢሮ ተቀምጦ በኮምፒዩተሩ ወደ ሁሉም ሣጥን ይገባና እኛ የወጣንበት ሲቸግረን ከዚያው ሆኖ ያስተካክልልናል። ለመግባት ስምና የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ስሙ «አድሚን» ነበር፣ የይለፍ ቃሉም «አድሚን»። ከፋብሪካው ይዘውት የመጡት ነው፤ የአምስቱም አንድ ነው። በዓለም ላይ ያሉ የዚያ ዓይነት ሣጥኖች ሁሉ ሲወለዱ ይህንኑ ቃል ይዘው ነው የሚወለዱት። አብሯቸው የመጣው መመሪያ ገና በመጀመሪያው ገጽ «ሥራ ሳትጀምሩ ለውጡት» ይላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልለወጠውም። «ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ለሥራ ይቀለናል» እየተባለ ቀረ። እኔም አልለወጥኩትም። የማን ልጅ ሆኜ፣ የአብደላ!

አሁን ወደ ሐሙስ ልምጣ። ኢስሊ በሚባለው ሰፈር የእኛ ሰዎች ሲድሩ ሴቶቹ ለብቻቸው አዳራሽ ይዘው ይጨፍራሉ። ወንድ አይገባም፤ ስልክም በር ላይ በቅርጫት ይለቀማል። ሴቱ ሁሉ አባያውን አውልቆ፣ ፀጉሩን ፈትቶ፣ እንደ ልቡ የሚሆንበት ቀን ነው። ስለዚህ ካሜራ የምትይዝ ሴት ይፈለጋል፤ እኔም በዚያ ሰፈር ስሜ ጠፍቶ «ፉንዲ» ሆኜ ቀርቻለሁ፣ በስዋሂሊ ባለሙያ ማለት ነው። የሐሙሷ ሙሽራ ሙርሺዳ ትባላለች። እናቷ ሞያሌ ናቸው፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከአልጋ አይወርዱም። ልጅቱ «እናቴ በስልኳ ትየኝ» ብላ ለመነች። ዘመዶቿ ተሰብስበው ብዙ ከተከራከሩ በኋላ «ወደ አንድ ስልክ ብቻ ከሆነ» ብለው ፈቀዱ። እኔ ነኝ «በእኔ ይሁንባችሁ፣ ከእናቷ ስልክ በቀር የትም አይሄድም» ያልኩት። አፌን ሞልቼ!

ያን ቀን ጠዋት ለእኔ የተመደበችው ሁለተኛዋ ሣጥን አልነሳም አለችኝ። ማታቱው፣ የዚህ አገር ሚኒባስ፣ ሊሄድብኝ ስለሆነ አራተኛዋን ከመደርደሪያው ላይ መንትፌ ወጣሁ። አራተኛዋ ግን ላቪንግተን ለሚደረግ የከብት ክትባት ስብሰባ የተመደበች ነበረች። ወደዚያ የሚሄደው ልጅ ሲያጣት አምስተኛዋን ይዞ ሄደ። እኔም ለማንም አልተናገርኩ፣ እሱም ለማንም አልተናገረ፤ ሰሌዳው ላይ «አራት፣ ላቪንግተን» እንደተባለ ቀረ።

ስብሰባው በገጻችን ላይ ለሕዝብ የሚተላለፍ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይጀምራል ተብሎ ተለጥፎ ነበር። ፋኑኤል ቀደም ብሎ ሊያዘጋጅ አሰበና ሰሌዳውን አይቶ አራት ቁጥርን ከፈተ። «አድሚን» አለ፣ ገባ። የሙሽራዋን እናት አድራሻ ገና አላስገባሁም ነበርና ቦታው ባዶ ነው፤ የሕዝቡን ገጽ ሞላበት፣ አስጀመረው፣ ምስሉ እስኪመጣ ሳይጠብቅ ምሳውን ሊበላ ወጣ። በዚያችው ሰዓት እኔ ኢስሊ ውስጥ ሻሼን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ ነጭ ወረቀት ካሜራው ፊት ዘርግቼ ቀለም አስተካክላለሁ። ስርጭት መጀመሩን የምትናገረው የሣጥኗ ቀይ መብራት በርታለች፤ እኔ ግን ጀርባዬን ሰጥቻታለሁ። እያንጎራጎርኩ ነበር መሰለኝ፤ ሰምተውኝ ከሆነ እንዳልሰሙ ይሁኑልኝ።

እህትዎን ያውቋታል አባዬ፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ ነጠላ ጫማዋን አስተካክላ ነው የምትነሳው። በር ላይ ተቀምጣ ስልክ የምትለቅመው እሷ ነበረች። በአንድ እጇ ስልኳን፣ በሌላው ቀሚሷን ይዛ ባዶ እግሯን እየሮጠች መጣችና ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«አባትሽ ነው የደወለው» አለችኝ። «‹ላሚያ ለዓለም እየታየች ነው፤ አጥፊው በያት› ብሎሻል።»

ገመዱን ነቀልኩት። ቀና ስል ሴቶቹ አባያቸውን አውልቀው እየሰቀሉ፣ እየተሳሳቁ ወደ መድረኩ መምጣት ጀምረዋል። አምስት ደቂቃ ብቻ ቢቆዩ ኖሮ አባዬ፣ አምስት ደቂቃ! የስንቱን ቤት ልጅ አደባባይ አውጥቼ ነበር።

ፋኑኤል ጋ ስደውል ጉርሻው አፉ ውስጥ ነበር። ነገርኩት። ሲሮጥ፣ ወንበር ሲገለብጥ ሰማሁ፤ ከዚያ ኮምፒዩተሩን ሲመታ። በመጨረሻ በቀጭን ድምፅ፣ ያደረገው እሱ ራሱ መሆኑን፣ ስምንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ምስሉንም ከገጹ ላይ እንዳጠፋው ነገረኝ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

እውነቱን ልንገርዎት፣ በዚያች ቅጽበት ውሸቷ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። አዳራሹ ውስጥ ያወቅነው እኔና አክስቴ ሳፊያ ብቻ ነን። «ገመድ ተበላሸ» ብል ማን ያጣራል? ግን እነዚያ ሴቶች እኔን አምነው ነው ሻሻቸውን የፈቱት። ተነሥቼ የሙሽራዋን ታላቅ አክስት ጠራሁና የሆነውን ሁሉ፣ ሣጥኗን ሳልናገር መውሰዴን ጭምር ነገርኳቸው። ጉድ ፈላ። ግማሹ አባያውን መልሶ ለበሰ፤ አንዷ «ድሮም ካሜራ ይቅር ብያለሁ» አለች፤ ሌላዋ ታለቅሳለች። አክስትየው ዕቃሽን ሰብስቢ፣ ከፊቴ ዞር በዪ አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። እየሰበሰብኩ ሳለሁ ሙሽራዋ ራሷ ከውስጥ ወጣች፤ አንድ እጇ በሂና ተውቦ፣ ሌላው ገና ባዶውን ነው።

«እናቴ ሳታየኝ መድረክ ላይ አልወጣም» አለች። ጮሃም አይደለም። እዚያው በሩ ላይ ቆመች።

ይኼኔ አክስትየው ወደ እኔ ዞረው ስንት ሰው እንዳየው ጠየቁኝ። ፋኑኤልን በስልክ ጠየቅሁት። ስብሰባው ገና ስላልጀመረ በስምንቱም ደቂቃ ገጹ ላይ የነበረው ተመልካች አንድ ብቻ ነው አለ። «ማነው እሱ?» አሉ አክስትየው። አባቴ ናቸው አልኩ። «ምን አዩ?» እኔንና ነጭ ወረቀት፣ ከኋላዬም ባዶ ወንበር፤ ሌላ ሰው ካሜራው ፊት አልቆመም አልኩ። እሳቸው እኔን አዩኝ፣ ከዚያም አክስቴን አዩ፣ ባዶ እግሯንም አዩ።

«ዐይኑን መልሶ የደወለ ሰው ልጅ ናት» አሉ ለሴቶቹ። ለእኔም «በይ አሁን ቆልፊው፤ እኔ እያየሁ» አሉኝ።

አባዬ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በእርስዎ ስም ቀና ብዬ አላውቅም። ሣጥኗን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ እሳቸው ከራሴ በላይ ቆመው፣ «አድሚን» የሚለውን አጥፍቼ የራሴን ቃል ጻፍኩ፤ ረጅም፣ ከፊደልም ከቁጥርም የተደባለቀ። ስቸኩል ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ከጨረስኩ በኋላ ፋኑኤልን «በል ግባ» አልኩት። ሞከረ፣ ከለከለችው። ደግሞ ሞከረ፣ ከለከለችው። «ተመስገን፣ አልገባም» አለኝ፤ ሰው በር ተዘግቶበት እንዲህ ሲደሰት ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ወደ ሞያሌዋ ስልክ ብቻ ከፈትኩት። አክስቴ ወደ እናቲቱ ደውላ ድምፃቸው እንዲሰማ ስልኩን ከፍ አድርጋ ያዘች፤ ሙርሺዳ ስትገባ ሴትዮዋ ከአልጋቸው ሆነው እልልታውን አቀለጡት። አዳራሹም ተቀበላቸው። እኔ ከካሜራው ኋላ ሆኜ እንባዬን በሻሼ ጠረግሁ።

በማግሥቱ እኔና ፋኑኤል አለቃችን ምርቃት ዘንድ ገባን። እሱ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል፣ እኔ «የእኔ ነው» እላለሁ፤ እሷ በመጨረሻ «ተራ በተራ አጥፉ» አለችን። ተባርሬያለሁ ብዬ ነበር፤ አልተባረርኩም። እውነቱን ቀድመሽ ስለነገርሻቸው ነው አለችኝ። የአምስቱም ሣጥኖች ቃል ዛሬውኑ ይለወጥ ብላ አዘዘችን። ፋኑኤል ቸኩሎ የድርጅቱን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ለአምስቱም እናድርገውና እንገላገል አለ። ይኼኔ ነው የመምህሩን ነገር ያነሣሁባቸው።

ያስታውሱታል? ሆጤ ሰፈር ተከራይተን ስንኖር፣ ስድስቱ ቤቶች ተደርድረው፣ አከራያችን ስድስት ጓጉንቸር በአንድ ካርቶን ገዝተው ያከፋፈሉን ጊዜ። የአንዱ ቁልፍ የሁሉንም ይከፍት ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ሲወርድ ያ ጨዋ ጎረቤታችን፣ መምህሩ፣ ጃንጥላውን አንገቱ ድረስ ደፍቶ መጣና የእኛን በር የራሱ መስሎት ከፍቶ ገባ። እማዬ ፀጉሯን ታጥባ ከጓዳ መውጣቷ ነበር። ሰውየው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። አንድ ወር ሙሉ ቀና ብሎ አላየንም። እርስዎ በማግሥቱ ገበያ ወርደው የራስዎን ጓጉንቸር ገዙ፤ ጎረቤቱ ሁሉ «አብደላ ደግሞ ምን የሚሰረቅ አለውና» ብሎ ሳቀብዎት። እኔም አፍሬብዎታለሁ፣ አሁን ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ግን ሳይቆጡ «ቁልፍ ለሌባ ብቻ አይደለም፤ ደኅናውም ሰው በሩ ካልከለከለው ይሳሳታል» አሉ። የእህል መጋዘን ሲጠብቁም አዲስ በገቡበት ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ጓጉንቸር የሚለውጡት ለዚሁ እንደነበር የገባኝ ገና አሁን ነው። ይህንን ስነግራቸው ፋኑኤል አንገቱን ደፋ። ደኅናው ሰው እሱ ነዋ። አራተኛዋ ሣጥን የያዛት ሰው ብቻ የሚያውቀው ቃል ኖሯት ያን ቀን «አላውቅህም» ብላው ቢሆን ኖሮ የተሳሳተ በር መሆኑን በዚያችው ደቂቃ ያውቅ ነበር።

አሁን አምስቱም የየራሳቸው ቃል አላቸው። ሣጥን የወሰደ ሰው ሰሌዳው ላይ ሳይጽፍ በሩን አያልፍም። ቃሎቹ ምርቃት ዘንድ በተዘጋ ፖስታ ተቀምጠዋል፤ የሚሰጡትም ሣጥኗን ለወሰደው ሰው ብቻ ነው። ለእርስዎም አልነግርዎትም፤ ብነግርዎት መጀመሪያ የሚቆጡኝ እርስዎ ነዎት።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። አባቴ እንግሊዝኛ አያውቁ፣ ከብት የላቸው፣ የከብት ክትባት ስብሰባ ገጽ ላይ ከሰዓቱ አስቀድመው ምን ያደርጋሉ? እማዬን በስልክ ጠየቅኋት። ሳቀችብኝ። «ዛሬ ነው የሰማሽው? ሁለት ዓመቱ እኮ ነው» አለችኝ። አንድ ጊዜ «የእኛ ገጽ ይኼ ነው» ብዬ ከላክሁልዎት ጀምሮ፣ ከሀቢብ ሱቅ ፊት ለፊት ወንበርዎን ይዘው የምናስተላልፈውን ሁሉ እስከ መጨረሻው እንደሚያዩ ነገረችኝ። ውሃ ቁፋሮ ቢሉ፣ የግብር አከፋፈል ቢሉ፣ ሁሉንም። «ምን ገብቶት ነው?» ብላት «ካሜራውን የያዘችው ልጄ ናት ይላል» አለችኝ። ስልኩን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ስብሰባ ሲያልቅ ተመልካቹ ሁሉ ይወጣና ሁልጊዜ አንድ ሰው ይቀራል። ባዶ አዳራሽ ሲታይ፣ ወንበር ሲሰበሰብ፣ እሱ አለ። ፋኑኤል «ወንበር ሰብሳቢው መጣ» እያለ ይቀልድበት ነበር፤ እኔም «ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶ ነው፤ ማን ይኼን ያያል» እያልኩ አብሬ እስቅ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳቅሁብዎት። አሁን ለፋኑኤል ነግሬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አይቀልድም፤ ማጥፊያውን ከመጫኑ በፊት ቁጥሯን አየት ያደርጋታል።

እማዬን እጇን ይሳሙልኝ፤ ዐይኗን ነገ ሳይሆን ዛሬ እንድታሳይ እርስዎ ይዘዙልኝ። ሀቢብን ሱቁ ፊት ቦታ ስለሰጠዎት ያመስግኑልኝ፤ ሚስቱን ሰላም ይበሉልኝ፤ ልጆቹን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። መምህሩን መንገድ ላይ ካገኙት ከእኔ ሰላምታ ያድርሱልኝ፤ ምክንያቱን ግን አይንገሩት፣ ደግሞ ያፍራል። ሳፊያና ልጆቿ እጅ ይነሣሉ። ዱዓዎ አይለየኝ።

አንድ ምልክት ልስጥዎት። ከእንግዲህ የሕዝብ ስርጭት በጨረስኩ ቁጥር ካሜራውን ከማጥፋቴ በፊት ነጭ ወረቀት ፊቱ አሳልፋለሁ። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ቀለም የማስተካክል ይመስለዋል። ለእርስዎ ነው አባዬ። «ጨርሻለሁ፣ ደኅና ነኝ፣ ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነው» ማለቴ ነው። እሱን ሲያዩ እርስዎም ወንበርዎን አንሥተው ይግቡ፤ ብርዱ ለጉልበትዎ ጥሩ አይደለም።

ልጅዎ ላሚያ አብደላ

ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.